ጣፋጩ ኪኒን

ጋሼ ይሄነው መሞቱን የሰማሁት ከእትዬ ዘሐራ ነው። ከሞጣ ደውለው፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳንጨርስ ድምፃቸው ተሰበረ።

«ትርንጎ፣ ያ ደግ ሰው አረፈ። ይሄነው! ስኳሩ ነው የጣለው። ቤዛዊት አንድ ቀን ከአጠገቡ አልተለየችም፤ መድኃኒቱን በእጇ እየሰጠች ስታስታምመው ከርማ ነው ያለፈው። ምን ያለች ልጅ አሳደገ! ወላሂ ዛሬ ሞጣ ገበያ ቆሟል አይባልም፤ ሰው ሁሉ ቀብር ወጥቷል።»

እኔ ቢቸና መድኃኒት ቤቴ ውስጥ ባንኮኒው ላይ በክንዴ ተደግፌ ነበር። ወጉ «ነፍስ ይማር» ማለት ነው። አልወጣልኝም። በምትኩ የቅርንፉድ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ፤ ምራቄም መረረኝ። «እርስዎን ያጥናዎ» ብቻ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ወደ ጓሮ ወጥቼ ተፋሁ።

ሰዎች ስለማይረሱት ሰው ሲያነሡ ብዙውን ጊዜ ስለ መምህራቸው ወይም ስለ ደግ ጎረቤታቸው ያወራሉ። የእኔም የማይረሳ ሰው ከተማው ሁሉ ደግ የሚለው ሰው ነው። እኔ ግን የማልረሳው ስለሚቀፈኝ ነው። በሕይወት ሳለ ፊት ለፊት «እርስዎ» እያልኩት ኖሬያለሁ፤ እዚህ ግን «እሱ» እለዋለሁ። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ማለትም ይጠበቅብኝ ይሆናል። አልልም።

ከኮሌጅ በፋርማሲ ተመርቄ ሥራ ሳፈላልግ፣ ሞጣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ካለው የእሱ መድኃኒት ቤት ተቀጠርኩ። ያኔ ዕድሜው ሃምሳን አልፏል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ግራጫ ሹራብ የማይለየው ሰው ነበር። ከጉንጩ ቅርንፉድ አይጠፋም፤ ሲያወራ ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው ያዛውረዋል። ባንኮኒው ጥግ ላይ ከድሮ የተማሪ ደብተር እየቀደደ በልክ የቆረጣቸው ወረቀቶች ተደራርበው ይቀመጣሉ። ኪኒን ሊጠቀልል ሲል አውራ ጣቱን በምላሱ አርጥቦ አንዷን ወረቀት ከሌላዋ ይለያል። ይህ ነገር ገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያንገሸግሸኝ ነበር። የበሽተኛ መድኃኒት ምራቅ በነካው ወረቀት! አንድ ቀን ደፍሬ ብነግረው ከልቡ ሳቀና «ትርንጎዬ፣ የአባት ምራቅ እኮ ምርቃት ነው» አለኝ።

ደግነቱን ግን መካድ አልችልም። የእትዬ ዘሐራ ባል ታመው አልጋ ላይ በዋሉበት ክረምት፣ ቦት ጫማውን አጥልቆ በዚያ ጭቃ እየተመላለሰ መርፌ የወጋቸው እሱ ነው። ከገጠር ለመጣ ሽማግሌ ወንበር ያቀርባል፣ ውሃ ይቀዳል፣ የሆድ ሕመሙን መድኃኒት ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ ሳይሰለች ደጋግሞ ያስረዳል። ለፋሲካ ካህናቱ፣ ለዒድ ነጋዴዎቹ በየቤታቸው ይጠሩታል። ለትልቅም ለትንሽም የሚናገራት አንዲት ቃል ነበረችው፦ «አይዞሽ፣ እኔ አባትሽ አለሁ።» ሰው ያምነው ነበር። እኔም አምኜዋለሁ።

አንድ ሥራ ግን ለእኔ አይለቅልኝም። አንዲት ልጅ ገብታ፣ ግራ ቀኟን አይታ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳብ አድርጋ «ፖስት ፒል አለ?» ስትል፣ እንዴት እንደሚሰማ እንጃ፣ ከኋላዬ ብቅ ይልና «ይችን ለእኔ ተይልኝ» ይላል። የድንገተኛው እርግዝና መከላከያ ሳጥኖች ከመስታወቱ በስተጀርባ ተደርድረው ይታያሉ። እሱ ግን ሳጥኑን አይሰጥም። ወደ ውስጠኛው ክፍል ይገባል፣ ከማሸጊያው የወጣ ኪኒን በዚያ ወረቀት ጠቅልሎ ይመለሳል።

«ሳጥኑን ይዘሽ ብትወጭ ሰው ያይሻል» ይላታል። «ማሸጊያው ቤት ቢገኝ ደግሞ እናትሽ ታያለች። ይኸው፣ ከጠየቁሽ የራስ ምታት ነው በይ። አይዞሽ፣ እኔ አባትሽ አለሁ።»

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ አመስግናው ትወጣለች።

ይህን ሳይ ልቤ ይነካ ነበር። ስንቱ ባለመድኃኒት ቤት እንደዚህ ያለችውን ልጅ ከእግር እስከ ራሷ ገርምሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ለማን ነው?» እያለ ያሸማቅቃታል! ይሄ ሰው አያሸማቅቅም። እኔን ያሳስበኝ የነበረው መመሪያዋ ወረቀት አብራ አለመሰጠቷ ነው። «ጋሼ፣ አወሳሰዱን ነገሯት?» ስለው «ነግሬያታለሁ፣ ነግሬያታለሁ» ይለኛል፤ ጣቱን ይልሳል፣ ወደ ቀጣዩ ሰው ይዞራል።

በዚያን ጊዜ የምኖረው እትዬ ዘሐራ ግቢ ነው። ክርና ጨርቅ የሚነግዱ፣ አባት አያታቸው ሞጣ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ከጓሯቸው ያሉትን ክፍሎች ያከራያሉ። ከእኔ ቀጥሎ ያለችውን ጠባብ ክፍል የያዘችው እናኑ ነበረች። ከገጠር መጥታ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የምትማር ልጅ ናት። ቅዳሜ በእግሯ ወደ ቤተሰቦቿ ትሄድና እሑድ ማታ በሶና ቆሎዋን ተሸክማ ትመለሳለች። ለሒሳብ የተፈጠረች ነበረች። አስተማሪው ሰሌዳ ላይ ሲሳሳት ተማሪው ሁሉ ወደ እሷ ነው የሚዞረው ይባላል። እትዬ ዘሐራ ታጥና ብለው በረንዳው ላይ አምፖል አስገቡላት።

ሁለት ታናናሽ እህቶች አሏት። አባታቸው ሴት ልጅ ማስተማር ከንቱ ድካም ነው ከሚሉት ወገን ናቸው። እናኑን የላኳት እናትየዋ አልቅሰው፣ ቄሱ መክረው፣ በስንት ልመና ነው። «እኔ ፈተናውን አልፌ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ አባቴ እነሱን አይድርብኝም» ትለኝ ነበር። «ከወደቅሁ ግን ሦስታችንም ወደቅን።» ይህን ስትል ፊቷ ላይ የነበረው ጭንቀት የልጅ አልነበረም። ምሳዋን እየበላች እንኳ መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ነው።

ጥምቀት አልፎ የካቲት ሲጋመስ፣ አንድ ማለዳ በሬን ቆርቁራ ገባች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ትርንጎ፣ የወር አበባዬ ቀረብኝ።»

አስቀምጫት እስክትረጋጋ ጠበቅሁ። በጥምቀት ሰሞን ከክፍሏ ልጅ ጋር የሆነውን ነገረችኝ። ልጁ አሁን ስልኩን አያነሣም፤ ሲያያት መንገድ ይቀይራል።

«ግን እኮ ኪኒኑን ወስጃለሁ!» አለች፣ ሰው የማያምናት ይመስል ደረቷን እየመታች። «በማግስቱ ጧት ነው የወሰድኩት። አንችን አፍሬ፣ ምሳ ስትወጭ ጠብቄ ገብቼ፣ ከጋሼ ይሄነው ገዛሁ። እዚያው በር ላይ ነው የወሰድኩት።»

ይህ ኪኒን መቶ በመቶ አይሠራም፤ በቶሎ ሲወሰድ ግን ብዙ ጊዜ ይሠራል። እናኑ በቶሎ ወስዳለች። ስለዚህ የማውቀውን መጠየቅ ጀመርኩ። ከወሰድሽ በኋላ አስታወከሽ? አላስታወከችም። ሌላ የምትወስጅው መድኃኒት አለ? አንዳንድ የሳምባ ነቀርሳና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ጉልበቱን ይቀንሱታል። ምንም የለም። ከዚያ ወዲህስ ከልጁ ጋር ነበርሽ? በፍጹም።

«ምንም አላለኝም» አለች። «ያቅለሸልሻል፣ ራስ ያዞራል ሲሉ ሰምቼ ፈርቼ ነበር። ምንም የለም። ለነገሩ ውሃም አላስፈለገው፤ እንደ ከረሜላ አኘክሁት።»

«አኘክሁት አልሽ?»

«አዎ፣ ጣፋጭ ነው። ትንሽ ይኮመጥጣል። ብርቱካን ብርቱካን ይላል።»

ዋናው ፖስት ፒል አይጣፍጥም። «እዚሁ ጠብቂኝ» አልኳትና ነጠላዬን ብድግ አድርጌ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሮጥኩ። ጋሼ ይሄነው ገና ቤተ ክርስቲያን ደርሶ አልተመለሰም። ከመስታወቱ በስተጀርባ ያሉትን ሳጥኖች አንድ በአንድ አወረድኩ። ሁሉም ባዶ ናቸው። ከሥራቸው በጥንቃቄ ተከፍተው መልሰው ተጣብቀዋል፤ የመጠቀሚያ ጊዜያቸውም ካለፈ ቆይቷል። በውስጠኛው ክፍል መሳቢያውን ሳብኩት። የተቆረጡት ወረቀቶች፣ ቅርንፉዱ፣ ከእነሱም አጠገብ ሕፃናት የሚያኝኩት የቫይታሚን ሲ ብልቃጥ ግማሽ ሆኖ ተቀምጧል።

ሲገባ ብልቃጡን በእጄ ይዤ ነው ያገኘኝ።

«ጋሼ፣ ለእናኑ የሰጧት ምንድን ነው?»

«የትኛዋ እናኑ?»

«ጎረቤቴ። ከጥምቀት በኋላ ፖስት ፒል ብላ የመጣችው።»

አልደነገጠም። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ትንሽ እንኳ አልደነገጠም። ቅርንፉዱን ወደ ሌላው ጉንጩ አዛወረና «ቫይታሚን ነው» አለኝ። «ቫይታሚን ማንን ጎድቶ ያውቃል?»

«አርግዛለች!»

«እግዜር ከሰጣት ምን ይደረጋል?» ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፤ ለሽማግሌዎቹ የመድኃኒት አወሳሰድ በሚያስረዳበት በዚያው ለስላሳ ድምፅ ያስረዳኝ ጀመር። «ስሚኝ ትርንጎዬ። ያ ኪኒን ማህፀን ያደርቃል። ዛሬ የዋጠችው ነገ ባል አግብታ፣ ልጅ አጥታ፣ በየጠበሉ ስትንከራተት እኔ በምን ዓይኔ አያታለሁ? የለም ብላት ደግሞ ሌላ ቤት ሄዳ ታገኘዋለች። ስለዚህ አለ እላታለሁ። ቫይታሚኗን ይዛ፣ ልቧ አርፎ፣ ማህፀኗም ደህና ሆኖ ትገባለች። አባትነት ማለት ይሄ ነው።»

«ኧረ አያደርቅም!» ጮህኩ። «እንቁላሉ የሚወጣበትን ጊዜ ለጥቂት ቀን ያዘገያል፣ በቃ! የወሰደችው ሴት በሚቀጥለው ወር ልታረግዝ ትችላለች። ያደረ እርግዝና እንኳ አያስወርድም፣ ፅንሱንም አይጎዳም።»

«እሱ የኮሌጃችሁ ወሬ ነው። እኔ የምነግርሽ እዚህ ቆሜ የማየውን ነው። ስንቷ ወስዳ፣ ምንም ሳትሆን፣ መጥታ እንዳመሰገነችኝ ታውቂያለሽ? ትናንት እንኳ ማር ያመጣችልኝ አለች።»

ያኔ ነገሩ ከነሥሩ ገባኝ። ሴት አንድ ቀን ስለተሳሳተች ሁልጊዜ አታረግዝም። ምንም ሳትወስድ በዕድሏ የተረፈችው የጋሼ ኪኒን ያዳናት ይመስላትና ማር ይዛ ትመጣለች። ያረገዘችው ደግሞ ዘግይቼ ነው፣ ወይም ኃጢአቴ ነው ትላለች። መጥታ ሰው በተሰበሰበበት ባንኮኒ ፊት «የሸጥክልኝ አልሠራም» ብላ አትጮህም። እንዴት ብላ ትጮሃለች? እሱም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ያ የወረቀት ጥቅልል ለስንት ዓመት የእሱን ጉድ ሸፍኖለት ኖሯል። ማሩም እዚያው ነበር፤ ከመሳቢያው ሥር፣ በትንሽ ጣሳ፣ ክዳኑ ላይ ዝንብ አርፎበት።

«አሁን እናኑን ምን ልበላት?» አልኩት።

«አይዞሽ በያት። እኔ አባቷ አለሁ። ስትወልድ ትምጣ፤ የሕፃኑን ቫይታሚን በነፃ እሰጣታለሁ።»

ይህን ብሎ አውራ ጣቱን ላሰና ከበር ለገባ ገበሬ ወረቀት አነሣ። እኔ ጋዋኔን አውልቄ ባንኮኒው ላይ ጣልኩለት፤ ወጣሁ፤ ተመልሼ አልገባሁም።

በዚያው ቀን መድኃኒት ቤቶችን ወደሚቆጣጠረው ባለሙያ ሄድኩ። ወጣት ነው፣ የተማረ ነው። የነገርኩትን ሁሉ ሰማኝ፣ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገና «የሞተ ሰው አለ?» አለኝ። የለም አልኩት። «ቫይታሚን እኮ ነው እህቴ፤ መርዝ አይደለም። ደግሞ ጋሼ ይሄነው ማለት… እኔን ራሴን በልጅነቴ አክሞኛል። ለማንኛውም ልጅቷ ቀርባ ትመስክርና ሪፖርት እናደርጋለን።» እናኑ ትመስክር! እናኑ ስሟ በዚያ ቢሮ ከሚጠራ አባይ ብትገባ ትመርጥ ነበር። እውነቱን ስነግራት እንኳ አላለቀሰችም። «ጣፈጠኝ እኮ» ብቻ ነው ያለችኝ። «ሲጣፍጠኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ምርመራው ያው ሆነ። ነርሷ ክብሯን ጠብቃ፣ ያላትን አማራጭ በቀስታ አስረዳቻት፣ አስቢበትና ነይ አለቻት። አስባ ሳትጨርስ ግን ወሬው ገጠር ደረሰ። አባቷ አህያ እየነዱ መጡ።

እትዬ ዘሐራ ከበሩ ላይ ቆመው ለመኗቸው። «ትውለድና ትማር፤ እኔ ቤቱን አልነፍጋትም፣ ኪራይም አልጠይቃት። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ትምህርቷን አያስቋርጧት!»

«ጉብዝናዋን አየሁት» አሉ አባትየው። «ከእንግዲህ ከእኔ ቤት ቀለም የምትቀምስ ሴት የለችም። ታናናሾቿም ከነገ ጀምሮ ቤታቸው ይቀመጣሉ።»

እናኑ የሒሳብ መጽሐፏንና ደብተሮቿን ከአልጋ ልብሷ ጋር አህያው ላይ ልትጭን ስትል፣ አባቷ አንሥተው በረንዳው ላይ አስቀመጡት፤ አልወረወሩትም፣ በእርጋታ ነው ያስቀመጡት። እሷም ዞራ አላየችውም። እትዬ ዘሐራ ትመለስ ይሆናል ብለው እስከ ዛሬ በአንድ ሳጥን አስቀምጠውላታል። የቫይታሚኑን ነገር ስነግራቸው ግን አላመኑኝም። «ይሄነው? ባሌን ያስታመመው ይሄነው? ተይ ልጄ፣ ተሳስቶ ይሆናል» አሉኝ።

እኔ ሞጣ መኖር አልቻልኩም። ቢቸና ያለው ወንድሜ አግዞኝ፣ ከእህልና ከብት ገበያው ብዙም ሳልርቅ ይችን ትንሽ መድኃኒት ቤት ከፈትኩ። እዚህ ልጅ ገብታ ስታንሾካሹክ ሳጥኑን ከነመመሪያው እሰጣታለሁ፣ ውሃ እቀዳላታለሁ፣ ማንም የማይሰማበት ጥግ አቁሜ አስረዳታለሁ። ለማን ነው ብዬ አልጠይቅም።

አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቄያለሁ።

እናኑ ከሄደች ከሁለት ክረምት በኋላ ነው። ዝናቡ እየወረደ፣ ከሞጣ የመጣ አውቶቡስ ሰው ሲያራግፍ፣ አንድ ረጅም ሰው ጭቃውን እየረገጠ መጣና ከበሬ ላይ ቆመ። ደንበኞቼ እስኪወጡ ጠበቀ። ከዚያ ገባ፣ ግራ ቀኙን አየ፣ የአንገት ልብሱን አፉ ላይ ሳብ አደረገ። ቅርንፉዱ ቀድሞት ሸተተኝ።

«ፖስት ፒል አለ?» አለኝ ጋሼ ይሄነው።

ወደ መደርደሪያው አለመዞሬን ሲያይ የሌለኝ መስሎት፣ ተጠጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዋናውን ነው ትርንጎዬ። በሳጥኑ ያለውን።»

«ለማን ነው?» አልኩት።

ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «ለልጄ ለቤዛዊት። ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጥታ… ትናንት ነው። ለእናቷ ነገረቻት።» በሩን ዞሮ አየ። «ሞጣ እንዳልገዛ ሁሉም ያውቀኛል። የመጨረሻ ዓመቷ ነው እኮ! ትምህርቷ! ያ ሁሉ ልፋቷ!»

«ቫይታሚን አልነበረዎትም?»

እውነቱን ለመናገር፣ የቫይታሚን ሲው ብልቃጥ ከክንዴ አጠገብ ነበር፤ እጄም ወደዚያው አምርታ ነበር። ነገር ግን የሚውጠው እሱ አይደለም። ቤዛዊት ምን አደረገችኝ? ዋናውን ሳጥን አንሥቼ ፊቱ አስቀመጥኩ። አነሣው፣ መነጽሩን አድርጎ የመጠቀሚያ ጊዜውን አነበበ፣ ማሸጊያው አለመከፈቱን በጥፍሩ ዳሰሰ። ያ ሰው!

«ማህፀኗን ያደርቅባት ይሆን?» ሲለኝ ድምፁ የሕፃን ነበር።

«አያደርቅም። ያኔም ነግሬዎታለሁ።»

«ማይልኝ!»

ማልኩለት። ከዚያ እንደ ተማሪ እያዳመጠ፣ እኔም ለማንኛዋም ልጅ እንደምናገረው ነገርኩት። ዛሬውኑ ትዋጥ፤ እስከ ሦስት ቀን ይባላል እንጂ በቶሎ በሆነ ቁጥር ይሻላል። ሊያቅለሸልሻት፣ ራሷን ሊያማት ይችላል፤ ያልፋል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ካስታወካት ሌላ ትድገም። የወር አበባዋ ትንሽ ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል፤ ከሳምንት በላይ ከቀረ ትመርመር። ለክፉ ቀን እንጂ ለዘወትር አይሆንም፤ ለዘወትር የሚሆነውን ጤና ጣቢያ ትጠይቅ። ከአባላዘር በሽታ ደግሞ አያድናትም። ድንገት ብታስታውክ ብሎ ሁለት ሳጥን ወሰደ።

«ሳጥኑ እንዳይታይብዎት በወረቀት ልጠቅልልዎት?» አልኩት።

«አይ! አይ፣ እንዳለ ይሁን» አለና ከሹራቡ ሥር ደረቱ ላይ አቀፋቸው።

ሊወጣ ሲል መንገዱ ላይ ቆምኩበት። «እንግዲህ አወቁ። ለሰው ልጆችስ ዋናውን ይሰጣሉ?»

«ምን ነካሽ ልጄ! ከእንግዲህማ ምን ቀረኝ» አለኝ፤ እጄንም በሁለት እጁ ይዞ መረቀኝ። አምኜው ይሆን? ግማሽ ግማሽ። ሰው የገዛ ልጁ ላይ ሲደርስበት ይማራል ብዬ ነበር።

በዓመቱ፣ አዲስ ዓመት አልፎ አንዲት ልጅ ዘመድ ጥየቃ ከሞጣ መጥታ ወደ እኔ ገባች። ከመሀረቧ ውስጥ የተጠቀለለች ወረቀት አወጣች። የተማሪ ደብተር ወረቀት ናት፤ ጥግ ጥጓ ላይ የደረቀ የእርጥበት ምልክት አለ። ወረቀቷን ገና ሳትፈታው ቅርንፉድ ሸተተኝ።

«ጋሼ ይሄነው ናቸው የሰጡኝ» አለች። «እህቴ ይህን ወስዳ አርግዛ ስለነበር ፈራሁና ሳልወስደው መጣሁ። ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል። ዋናው ነው?»

አልነበረም። ዋናውን ሰጠኋትና እዚያው ዋጠች። እሷን ሸኝቼ ደወልኩለት።

«ቤዛዊት እንዴት ናት?» አልኩት።

«ደህና ናት፣ እግዜር ይስጥሽ! ተመረቀችልኝ እኮ!»

«ታዲያ ለሌሎቹ አሁንም ቫይታሚን ነው የሚሰጡት?»

ቅርንፉዱ ጥርሱ ላይ ሲጋጭ በስልኩ ይሰማኛል። «ትርንጎዬ፣ ለልጄ ኃላፊው እኔ ነኝ። ቢያደርቅባትም ከእኔው ጋር ነው። ለሰው ልጅ ማን ኃላፊ ይሆናል?» አለኝ፤ እውነቱን ተናግሮ ያሳመነኝ መስሎት በዚያው ለስላሳ ድምፁ ስለ ቢቸና ዝናብ ይጠይቀኝ ጀመር።

ወረቀቷን ከነኪኒኗ ይዤ ያ ባለሙያ ዘንድ ሞጣ ድረስ ሄድኩ። ከሳምንታት በኋላ «ምክር ሰጥተነዋል» የሚል መልስ አገኘሁ። ምክር! እስኪታመም ድረስ ሱቁ ክፍት ነበር፤ ማርም ይመጣለት እንደነበር እሰማለሁ።

ዛሬ እንግዲህ ከተማው ሁሉ ወጥቶ ቀበረው። አባታችን እያሉ ካለቀሱት ሴቶች መካከል ስንቶቹ በወረቀት የተጠቀለለውን ወስደው እንደነበር ሳስበው ያንገሸግሸኛል። እኔ ግን ሞቱን መንገር ያለብኝ አንድ ሰው ነበር። ወደ ደጀን ደወልኩ።

እናኑ ከወለደች በኋላ አባቷ ቤት መኖር አልሆነላትም። አሁን ደጀን፣ ሹፌሮች ከሚያድሩባቸው አልጋ ቤቶች በአንዱ አንሶላ ታጥባለች። ሴት ልጇን እዚያው አቅራቢያ ትምህርት ቤት አስገብታለች። ከታናናሾቿ ትልቋ ተድራለች፤ ትንሿን ለማስጣል እናኑ አሁንም ከአባቷ ጋር እንደተጣላች ነው። እኔ መድኃኒት ልገዛ አዲስ አበባ ስወርድ ደጀን አድራለሁ፤ እጇን ባየሁ ቁጥር በረኪናው እስከ ክርኗ ልጧታል።

እናኑ ስልኩን ስታነሣው ከወዲያ የውሃ ድምፅና የጭነት መኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«ይሄነው ሞተ» አልኳት።

ውሃው ተዘጋ። «ምን አሞት?»

«ስኳር። ቆይቶበታል። ልጁ ናት ያስታመመችው አሉ፤ መድኃኒቱን በእጇ እየሰጠችው።»

«ዋናውን?» አለችኝ እናኑ።

«አዎ» አልኳት። «ዋናውን።»

«ታድሎ!» አለች። ከዚያ እንግዳ ስለሚገባ አንሶላው ሳይደርቅ እንዳይመሽባት ነግራኝ፣ ማታ እንድደውል ጠይቃኝ ስልኩን ዘጋችው።